ድንጋዩን አልሸከምም

ለልጄ ለሀብተ ማርያም አሳምነው፤
ባሕር ማዶ፣ ማዳጋስካር።

እንደምን ሰነበትክ ልጄ? ሚስትህ ማሚቱስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ያ የወባ ትኩሳት ለቀቀህ ወይ? ምግቡስ ይስማማሃል? እኔ አባትህ ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። የዲክሲስ ውርጭ ጉልበቴን ቢይዘኝም ምላሴን አልያዘውም። ይህን የምጽፍልህ በገዛ እጄ ነው። በመሠረተ ትምህርት፣ በዕድሜ የልጅ ልጆቼ ከሚሆኑ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የተማርኩት ነው። ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ፤ ቃሉ ቀጥ ያለ ነው።

እመጣለሁ ያልክበት ደብዳቤ ደርሶኛል። ያመጣችልኝ ነርሷ ወለላ ናት። አባትህን ከእድር አስወጡት ብላ የጻፈችልህም እሷው መሆኗን ደርሼበት ተቆጥቻታለሁ። አሁን ነገሩን ከሥሩ ከኔ ስማ፤ ከዚያ ወዲያ የምልህን ታደርጋለህ።

እታገኘሁን ታውቃታለህ፤ ያቺ ጥጥ ፈታይዋ፣ ዘመድ የሌላት፣ አንተ ስትሰብክ ከፊት ተቀምጣ ታለቅስ የነበረችው። አንተ በእግርህ ጮሌና ጎበሳ ከተሞች ድረስ እየዞርክ ያሰባሰብካቸው ሰዎች፣ ለስብከት ወደ ባሕር ማዶ ከተላክህ በኋላ ተበተኑ። ቤተ ጸሎታችሁን መንግሥት አሸገው፤ አሁን የገበሬ ማኅበሩ እህል ይከማችበታል። ከሰዎቻችሁ ከፊሉ ታሰረ፣ ከፊሉ ሸሸ። እታገኘሁ ግን የትም አልሄደችም። ሃይማኖቷን ለወጠች ተብላ ከእድሩ ተሰርዛ ነበር። ሆኖም እናትህ ብርቄ አልጋ ላይ በወደቀች ጊዜ ከእድርተኛው ሁሉ ቀድማ የደረሰች እሷ ናት። እስክታርፍ ድረስ ጠዋት ማታ ገላዋን አጠበች፣ አገላበጠች፣ ቁስሏን ጠረገች። ማን ላከሽ ብላት፣ "ፓስተራችን የታመመ ጠይቁ ብሎናል" አለችኝ። ያን ጊዜ ስምህ በቤቴ እንዳይነሳ ከልክዬ ነበር፤ እሷን ግን ዝም አልኳት። የአባቶቼን ሃይማኖት በመተውህ ያልኩህን ዛሬም አንድ ቃል አላጥፍም። ያወጣሁልህን ስም አለመለወጥህን ግን ለመንደሩ ሁሉ ነግሬያለሁ።

ኅዳር ላይ እታገኘሁ ሞተች። ጡሩምባ የሚነፋላት፣ ጉድጓድ የሚቆፍርላት ጠፋ። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢም አትቀበርም ተባለ። የእድሩ ዕቃ ጠባቂ እኔ ነበርኩና ድንኳኑ የሚቀመጠው ከኔ ዘንድ ነበር። ማንንም ሳልጠይቅ አውጥቼ በደጄ ተከልኩላት። ጉድጓዱን ከጓሮዬ ጥድ ሥር ከጎረቤቴ ከሁሴኖ ጋር ቆፈርን። ሁሴኖ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "አሳምነው፣ አንተ ተዋሕዶ፣ እኔ እስላም፣ ሟቿ ጴንጤ፤ እላይ ስትደርስ ማን ቀበረሽ ቢሏት ምን ልትል ነው?" በሣቅ ዶማዬን ጣልኩ።

ከናንተ ወገን ያልታሰሩት ጥቂቶች እየፈሩ መጡ። የሚጸልይ አልተገኘም። "እርስዎ የፓስተሩ አባት ነዎት፤ አንድ ነገር ይበሉላት" አሉኝ። እኔ የናንተን አላውቅ፤ ባርኔጣዬን አውልቄ አባታችን ሆይን አልኩላት። እሱን ማንም የኔ ብቻ ነው ማለት አይችልም።

በማግስቱ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጉቱ መጣና፣ "አባ፣ መሬቱ የሰፊው ሕዝብ ነው፤ ማን ይቅበሩ አለዎት?" አለኝ። "እሷስ ከሰፊው ሕዝብ አይደለችም?" ስለው ጢሙን እየጎተተ ሄደ።

እድሩ ግን አልበረደም። ዳኛው አስናቀ ስብሰባ ጠርቶ፣ ለተሰረዘ ሰው ድንኳን መትከል እድር ማፍረስ ነው አለ። ከቅዳሴ በኋላ ድንጋይ ተሸክሜ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ወድቄ ይቅርታ እንድጠይቅ ተፈረደብኝ፤ አለዚያ ስሞት ጡሩምባ አይነፋልኝም፣ ሬሳዬንም የሚያነሳ የለም። መምሬ ኃይለየሱስም፣ "ከብርቄ ጎን ያለውን ቦታህን ለሌላ እንሰጠዋለን" አሉኝ። ያን ቦታ አረሙን እየነቀልኩ ለራሴ ያቆየሁት ነው። ሆኖም ተነሳሁና፣ "ድንኳኑን አድርቄ፣ አጥፌ መልሻለሁ፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍም ይኸው። ድንጋዩን ግን አልሸከምም። ሚስቴን ያጠበችልኝን ሴት ቀበርኩ፤ ይቅርታ የሚያስጠይቀው የቱ ነው?" አልኳቸው። አስናቀ ግትር ሽማግሌ ብሎ ሲጮህብኝ፣ "ይህን ለማወቅማ ስብሰባ መጥራት አያስፈልግህም ነበር" አልኩት። የሣቁም ነበሩ፤ ከኔ ጋር ተነስቶ የወጣ ግን የለም።

አሁን አንተ፣ "ሥራዬን ትቼ መጥቼ አስታርቅዎታለሁ፣ ድንጋዩንም እኔ እሸከምልዎታለሁ" ትለኛለህ። አትምጣ! አሰላን ሳታልፍ ይይዙሃል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ስንቅ አንጠልጥዬ እስር ቤት በር ላይ ልቁም? ባይይዙህስ? አንተ ድንጋይ ብትሸከም እታገኘሁን መቅበሬ በደል ነበር ማለትህ ነው። የብርቄን ነገር ለኔና ለብርቄ ተወው። ግትርነቴን ችላ የኖረች ሴት ናት፤ ርቄ ብተኛ ለምን እንደሆነ አይጠፋትም። ከጥዱ ሥር ገና ቦታ አለ፤ ሁሴኖም ከነልጆቹ ሊያነሳኝ ቃል ገብቶልኛል።

ይልቅስ እዚያ ያለው፣ ልጁን ባሕር የበላበት ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ፣ ስሞት አንተ ቅበረኝ ብሎ ቃል እንዳስገባህ ጽፈህልኛል። እሱን ጥለህ ወደኔ ብትመጣ ማን አለው? የአሳምነው ልጅ ቃሉን አያጥፍም። እኔን እዚህ የሰው ልጅ ይቀብረኛል፤ አንተም እዚያ የሰው አባት ቅበር።

ማሚቱን እቅፍ አድርጌ ስሜያታለሁ በላት፤ እንዳትመጣ ያዥልኝ ብዬ ባንተ ላይ ሾሜያታለሁ። ትልቋን ልጅህን ወለተ ማርያምን ግንባሯን ሳምልኝ፤ ትንሹንም ጉንጩን። ለዓሣ አጥማጁ በሚገባው ቋንቋ ሰላምታዬን ንገረው። ሁሴኖ ሰላም ብሎሃል። ወለላም፣ ብቆጣትም፣ ሰላም ትልሃለች፤ ይህንንም ይዛልኝ አዲስ አበባ የምትሄድ እሷ ናት።

አባትህ አሳምነው
ዲክሲስ፣ አርሲ
ጥር 18 ቀን 1976 ዓ.ም.