አራተኛ ፎቅ ደጃፍ ላይ ያለው ወንበር

ይድረስ ለአባቴ፣

አባዬ፣ እንደምን ሰንብተሃል? የምጠይቅህ ደብዳቤ ያለ ሰላምታ ስለማይጀመር ነው እንጂ ደህና መሆንህንስ በዓይኔ አይቻለሁ። ከስተሃል፣ ጢምህንም አልተላጨህም፤ ትንፋሽህ ግን ደህና ነው። የት አየሽኝ ትል ይሆናል፤ እነግርሃለሁ። እኔም ንዴቴን ካልቆጠርክብኝ ደህና ነኝ።

መጀመሪያ የሆዴን ልተንፍስ። ያን ቀን በግቢው ስብሰባ ላይ ጎረቤቶቻችን፣ በየቤቱ እየዞረች በሽታ የምትለቅም ልጅ እኛ ህንፃ ውስጥ አታድርም ሲሉ፣ ሰብሳቢው አንተ ነበርክ። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ እሰማ ነበር። አንድ ቃል ይመልስልኛል ብዬ ጠበቅኩ። አንተ ግን ጉሮሮህን ጠርገህ፣ ልጄ እኮ አክስቷ ዘንድ ሄዳለች አልካቸው። ከዚያ ወደ ቤት ገባህና ሻንጣሽን አዘጋጂ አልከኝ። አልተቆጣህም እንኳ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ የምመልሰው አላጣም ነበር።

ለመሆኑ ምን አጠፋሁ? በወረርሽኙ ምክንያት ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ እኔም እንደ ሌላው ተጋድሜ ፊልም ሳይ መዋል እችል ነበር። በአደጋ ጊዜ ሕዝብ የሚረዳው ሲቪል ጥበቃ በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎች ሲፈልግ ግን ሄድኩ። አሠለጠኑን፣ ብርቱካናማ ሰደርያ አለበሱን። አክስቴ ዘንድ አልሄድኩም፤ የምናድረው አንድ ትምህርት ቤት ስፖርት አዳራሽ ውስጥ፣ ተራርቀው በተዘረጉ አልጋዎች ላይ ነው። የአልጋ ጎረቤቴ የሕግ ተማሪ ናት፤ በእንቅልፏም ትከራከራለች።

ሥራችን ከቤት ለማይወጡ ሰዎች ምግብና መድኃኒት ማድረስ ነው። እነሱ ደጃፋቸው ላይ ወንበር ያወጣሉ። ፌስታሉን እዚያ አስቀምጠን፣ አንኳኩተን፣ ወደ ደረጃው እናፈገፍጋለን። ወዲያው ግን አንሄድም። ሰውዬው ወጥቶ እስኪያነሳው ቆመን እናየዋለን፤ እግሩ ይጸናል ወይ፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል ወይ። ካላማረን ለቡድናችን ነርስ እንደውላለን። ወሬ ግን ክልክል ነው።

እና የት መደቡኝ መሰለህ? እኛው ህንፃ! ማስኩና የፊት መከለያው ስላለ ማንም አላወቀኝም። ያኔ ከሁሉ በላይ ሲጮኹብኝ የነበሩት ፊት ለፊታችን ያሉት ሴትዮ፣ አሁን ዳቦ ባደረስኩላቸው ቁጥር የወለደችሽ ትባረክ ይሉኛል። እኔ አፌን ዘግቼ ራሴን እነቀንቃለሁ። እንዴት እንደሚያንገበግብ ልነግርህ አልችልም።

ከዚያ አንተም ወንበር አወጣህ። አንኳኳሁ፣ ወጣህ፣ አየኸኝ፣ አላወቅከኝም። የገዛ ልጁን በቁመቷ እንኳ የማይለይ አባት አለ? ፌስታሉን አንስተህ እንደ መግባት፣ ደረጃውን ወርጄ እስክጨርስ እንደ ዘበኛ ተገትረህ ታየኛለህ። ሌባ መሰልኩህ?

የምታዘው ደግሞ! አንድ ቀን ጨው፤ ሐኪም ጨው እርም በል ካለህ ዓመታት አለፉ። ሌላ ቀን ክብሪት። ከዚያ አንዲት ሎሚ። ስንት ሰው መድኃኒት እየጠበቀ ለአንዲት ሎሚ አራት ፎቅ ያስወጣል? ይባስ ብሎ ስልክ ለሚቀበለው ልጅ፣ ያቺ ረጅሟ ታምጣልኝ ብለኸዋል። እዚህም ሰብሳቢ መሆን አማረህ። ለልጅህ የዘጋኸውን በር ለማታውቃት ልጅ አማርጠህ ትከፍታለህ። ይህ ነው ያቃጠለኝ አባዬ፤ ሌላው ሌላው ሁሉ ያልፍ ነበር።

እስከዚህ ድረስ የጻፍኩት ትናንት ጠዋት ነው። ከዚያ ሰው ጎደለ ብለው ሌላ ሰፈር ላኩኝና አንተ ጋ የሕግ ተማሪዋ መጣች። ማታ ስትመለስ ሰደርያዋን ሳታወልቅ አልጋዬ አጠገብ መጥታ ቆመች።

አራተኛ ፎቅ ያሉት አዛውንት ፌስታሉን አልነኩትም አለችኝ። እሷን ሲያዩ ፊታቸው ልውጥ አለ፤ ደረጃው ድረስ ወጥተው «ልጄ ምን ሆነችብኝ?» አሉ። መጀመሪያ መርሳት የጀመራቸው መስሏት ለነርሷ ልትደውል ነበር። ያን ጊዜ ፊት ለፊት ያሉት ሴትዮ በራቸውን ከፍተው፣ ልጅዎ አክስቷ ዘንድ ናት አላሉንም ነበር እንዴ ብለው ጠየቁህ።

አንተም «እስከ ዛሬ ዳቦ ያመጣችልሽ ማን መሰለችሽ?» አልካቸው። ህንፃው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ነበር አለችኝ።

ሰውዬው ያሉት እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ብርድ ልብሴን ተከናንቤ አለቀስኩ። አሁንም ተናድጃለሁ፤ በረደላት እንዳትል። ያን ቃል ያን ቀን ግቢው ውስጥ ብትናገረው ኖሮ ምን ነበረበት? ስንገናኝ ይህን ሳልጠይቅህ አልቀርም።

የጻፍኩትን ግን አልቀድደውም፤ እንዳለ አንብበው። ደብዳቤውን የሕግ ተማሪዋ ዛሬ ታደርስልሃለች። ከሷም ፌስታሉን ተቀበል፤ ምግብ ነው።

ዕድሜህን ያርዝመው፣ ደጃፍህን ከክፉ ይጠብቅልኝ።

ነገ ወደ ህንፃችን እመለሳለሁ። ምንም እንዳታዝ፤ እንዲሁ እመጣለሁ።

ልጅህ