የአባቴ የከድር ቀለም አረንጓዴ ፒክአፕ እና የኢንተርኔቱ ጨረታ

ውድ አባቢ፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ወንድሜ ነጂብ በየጁምዓው መቃብርህ ዘንድ እየሄደ ዱዓ ያደርግልሃል። እኔ ደግሞ እንደምታውቀኝ መናገር አይሆንልኝም፤ በጽሑፍ ይቀናኛል። ስለዚህ ዛሬ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛህ ላይ ተቀምጬ የሆነውን ሁሉ ልነግርህ ነው። አላህ ማረፊያህን ጀነት ያድርግልህ።

እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ገበያ መሄዱን አልተወችም። የተከልከው ጽድ አጥሩን አልፎ ከጎረቤት ሽቦ ጋር ተጣልቷል። የሠራህበት ጋራዥ ተሸጦ የግንባታ ዕቃ መደብር ሆኗል። ባለፈው ሚስማር ልገዛ ስገባ፣ ቀለም እየቀላቀልክ ትሞክርበት የነበረውን ግድግዳ ሳይለቀልቁት አገኘሁት። ያ ሁሉ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አመድማ ነጠብጣብ እንዳለ ነው። ባለመደብሩን ለምን እንደተወው ስጠይቀው ደንበኞቹ ቀለም የሚመርጡት እሱን እያዩ መሆኑን ነገረኝ። ሞተህም ታሠራለህ ማለት ነው።

ትንንሽ የብረት መኪኖችህ የተደረደሩበትን ቢፌ የታችኛውን መደርደሪያ እማዬ ለብርጭቆዎቿ ወስዳዋለች። ስንት ዓመት የለመነችህ ቦታ ስለሆነ አትቀየማት።

የምጽፍልህ በእነዚያ መኪኖች ምክንያት ነው። እማዬ እንደምትተርከው፣ ለእርሻ ልማት አሰላ የነበሩት ፈረንጆች ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ ዕቃቸውን ሲሸጡ፣ ሌላው ሰው አልጋና ፍሪጅ ሲሻማ አንተ ከመዳፍ የማይበልጡ አራት የብረት መኪኖች ከነካርቶናቸው ገዝተህ ገባህ። አሁን ስታወራው ትስቃለች፤ ያኔ ግን እንዳልሳቀች እርግጠኛ ነኝ። ከዚያ በኋላ ከአዲስ አበባም፣ ከጭነት መኪና ሹፌሮችም እየገዛህ አርባ አንድ አደረስካቸው። ቀን ትልቁን መኪና ስትቀባ ትውልና ማታ ትንሹን በጨርቅ ታብሳለህ። ከተማው በሙያህ አክብሮ ከድር ቀለም ይልሃል፤ ስለ ቢፌው ሲነሳ ግን ይስቅብሃል።

አንድ ነገር ልናዘዝልህ። እኔን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ከጎበሳ የመጡ ቀን፣ አንዱ ቢፌውን አይቶ የልጆቹ መጫወቻ እንደሆነ ጠየቀህ። አንተ በኩራት የራስህ መሆናቸውን ነገርከው። እኔ መጋረጃው ኋላ ሆኜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። ጋብቻው በሌላ ምክንያት ሳይሆን ቀረ፤ እኔ ግን ብዙ ጊዜ በመኪኖቹ አሳበብኩ። ይቅር በለኝ።

ያንኑ እጅህን እያየሁ እንዳደግኩም አልረሳሁትም። በአጉሊ መነጽር እያሳየህ ቀጭኑን ብሩሽ አስያዝከኝ። ትንፋሼን መጀመሪያ አስወጥቼ ከዚያ መስመሩን እንድጎትት፣ እጄ ሳይሆን ክንዴ እንዲሄድ አስተማርከኝ። ዛሬ ከሲሬ እስከ አርቦዬ ያሉ ሱቆች ታፔላቸውን እኔ ዘንድ የሚያጽፉት በዚያ ነው።

ካረፍክ ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ነጋዴ ከአዲስ አበባ መጣ። አንድ በአንድ ሳያይ ለሁሉም በጅምላ ዋጋ ጠራ። እማዬ ልትሰጠው ምንም አልቀራትም ነበር፤ ነጂብ ግን የነጋዴው ችኮላ አላማረውም። ሰውየውን ሸኝቶ ስልኩን ሲጎረጉር፣ ሞዴል መኪና የሚሰበስቡ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ተሰባስበው ጨረታ እንደሚያወጡ አገኘ። ባለዕቃው ፎቶ ይለጥፋል፣ ቀን ይቆረጣል፣ ፈላጊዎች ዋጋቸውን እየጻፉ ይበላለጣሉ። ሰዎቹ አዲስ አበባም፣ ድሬዳዋም፣ ሐዋሳም አሉ። የውጭዎቹን ጨረታዎች ውጤትም እያመጡ ያነጻጽራሉ።

አባቢ፣ ያን ጊዜ የተማርነው አንተንም ይገርምህ ነበር። በጣም የምትወዳት ቀይ የእሳት አደጋ መኪና ዋጋ የላትም። አሰላ ላይ ብቸኛ ነበረች፤ ኢንተርኔት ላይ ግን በየአገሩ ስትሸጥ ትታያለች፤ ድሮ ብርቅ ናት ብለው በውድ የገዟት ሁሉ አሁን ያዝናሉ። በተቃራኒው ግድ ያልሰጠችን፣ ካርቶኗ የወየበው አረንጓዴ ፒክአፕ የምትፈለግ ሆና ተገኘች። ከፈረንጆቹ ከገዛሃቸው ከአራቱ አንዷ ናት። በዚያ ቀለም የተሠሩት ጥቂት ናቸው አሉ፤ ከነካርቶኗ ደግሞ የባሰ። የፋብሪካው ቀለም ካልተነካ ዋጋዋ ብዙ ነው።

ነጂብ ለጨረታ አወጣት። ቀለሟ የፋብሪካ መሆኑንም ጻፈ፤ እኔም አይቻት አረጋግጬለታለሁ። በሁለት ቀን ውስጥ ነጋዴው ለአርባ አንዱም ከጠራው በለጠች። ነጂብ ከአዳማ ሥራው እየደወለ የደረሰችበትን ይነግረኛል። ገንዘቡ ለምን እንደታሰበ ልንገርህ፤ ለእኔ የቀለም መርጫ ኮምፕሬሰር መግዣ ነበር። ያንተን የቀለም ሥራ ልጀምረው እንደምፈልግ ከሱ በቀር ለማንም አልነገርኩም ነበር።

በሦስተኛው ቀን አንድ ተጫራች የካርቶኗን ውስጥ ፎቶ ጠየቀ። ከሥሯ የተነጠፈውን ወረቀት ሳነሳ ሌላ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ጽሑፉ ያንተ ነው። "ኮፋኖውና የግራ በሩ ተልጠው ስለነበር እኔ ቀብቻቸዋለሁ። የፋብሪካ ቀለም አይደለም። ከድር" ይላል።

መኪናዋን መስኮቱ ጋ ወስጄ በአጉሊ መነጽር አየኋት። ብሩሽ ይዤ ነው እንጀራዬን የምበላው፤ ያንተ ቀለም የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ግን ማወቅ አልቻልኩም። እነዚያ ሁሉ አዋቂዎችም ፎቶውን አጉልተው አላወቁም። መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነበር። ቀጥሎ ግን ነጂብ የጻፈውን፣ እኔም ያረጋገጥኩለትን አስታወስኩ።

ነጂብ እሁድ ሲመጣ ወረቀቱን አሳየሁት። ጨረታው የሚዘጋው በማግሥቱ ነው። ብዙ ካሰበ በኋላ ሰዎቹ ራሳቸው አይተው የወደዷት መሆኑን፣ ማንንም እንዳላታለልን፣ ወረቀቱንም ያገኘነው ሳናስበው መሆኑን ነገረኝ። ስግብግብ ሆኖ እንዳይመስልህ፤ ለእኔ አስቦ ነው። እኔም ልቤ ወደዚያው እያለ ነበር። እማዬ ሽንኩርት እየላጠች ሁሉንም ሰምታለች። ስትቆጣ እንደምታደርገው በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ጨረሰችው።

"እሱ ጽፎ የፈረመበትን እናንተ በምን አፋችሁ ትክዱታላችሁ?"

የወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩት፤ ከሥሩም አባታችን ቀለም ቀቢ እንደነበረ፣ እኛም ዛሬ ገና ማወቃችንን ጻፍኩ። ነጂብ ስልኩን ገልብጦ አስቀምጦ ወደ ውጭ ወጣ።

ትልቁን ዋጋ የሰጡት ሦስቱ ወዲያው ወጡ። አንዱ በስድብ ነው የወጣው። ጨረታውን የሚመራው ሰው አመስግኖን፣ በአዲስ መግለጫ ከመጀመሪያው እንዲጀመር አደረገ። በመጨረሻ የተሸጠችው ከደረሰችበት ሩቡን በማይሞላ ዋጋ ነው። የገዟት አቶ ግርማ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የአዳማ መሐንዲስ ናቸው። እንድንልክላቸው አልፈለጉም፤ ራሳቸው መጡ።

ያንተ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የራሳቸውን ማጉያ አውጥተው መኪናዋን አገላብጠው አገላብጠው አዩአት። ሻዩ ቀዘቀዘ። ከዚያ ማጉያውን አስቀምጠው፣ "ልጄ፣ አርባ ዓመት ስሰበስብ እንዲህ ዓይነት እጅ አላየሁም። ይህን ከአባትሽ ማን ተማረው?" አሉኝ።

ነጂብ ነው "እሷ ናት" ያላቸው።

እንድሞክርላቸው ቀለሟ የተላጠ አንዲት አምቡላንስ በሌላ ጊዜ ይዘውልኝ መጡ። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ ቀለሙን አምስት ጊዜ ቀላቀልኩ፣ አራቱን ደፋሁት። ስጨርስ እሳቸው ለሰብሳቢዎቹ ግሩፕ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ የሚላክልኝ አልተቋረጠም።

ዋናውን ግን ገና አልነገርኩህም። አረንጓዴዋ ከተሸጠች በኋላ የሌሎቹንም ካርቶን ሥር አየን። ካርቶን ለሌላቸው ደግሞ ጽፈህ በፖስታ ያኖርከውን ከቢፌው ኋላ አገኘን። ለአርባ አንዱም ጽፈሃል። የቱ ጎማ እንደተቀየረ፣ የቱ መስታወት ከሌላ እንደመጣ፣ የትኛው ምንም እንዳልተነካ። ነጂብ ከየመኪናው ጋር ወረቀቱን እየለጠፈ አሥራ ሦስቱን ሸጠ፤ ሁሉም ተመሳሳዮቻቸው ከሚያወጡት በላይ አወጡ። አቶ ግርማ ምክንያቱን እንዲህ አስረዱኝ፦ ኢንተርኔት ላይ ገዢው ዕቃውን አይዳስስም፤ የሚገዛው የሻጩን ቃል ነው፤ አስመስለው የሚሠሩት በበዙበት ጊዜ ደግሞ ጉድለቱን ራሱ የሚናገር ሰው ከካርቶንም ይበልጣል። አሁን ግሩፑ ውስጥ አንድ መኪና ሲወጣ "የከድር ወረቀት አለው?" ብለው ይጠይቃሉ፤ ጉድለቱን የሚያሳውቅ ጽሑፍ ማለታቸው ነው። አንተ በሕይወትህ ከኮምቦልቻ ወዲያ ያልሄድክ ሰው፣ ስምህ የማታውቃቸው ከተሞች ውስጥ እንደ ማኅተም ሆኗል።

ነጂብ ይህን ሲያይ አንድ ቀን የአረንጓዴዋን ወረቀት ቅጂ በላስቲክ አስለብጦ አመጣልኝ። ለእሱ ይህ ይቅርታ መጠየቁ ነው፤ አንተም ታውቀዋለህ።

ኮምፕሬሰሩ ተገዝቷል፤ አሮጌ ነው፣ ሲነሳ ጎረቤት ሁሉ ይሰማዋል። ወደ መናኸሪያ በሚወስደው መንገድ ላይ ትንሽ ቤት ተከራይቻለሁ። ትልልቆቹንም ትንንሾቹንም እቀባለሁ። ሃያ ሰባቱ መኪኖችህ ከእኛ ጋር ናቸው፤ አይሸጡም። እማዬም የላይኛውን መደርደሪያ አልጠየቀችም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤቱን እከፍታለሁ። ታፔላውን ትናንት ጨረስኩት። ለሰው ስጽፍ የማላጠፋውን ጊዜ አጠፋሁበት፤ ያንተን ስም ስጽፍ ፊደሉ እንዳይጠብ ሰፊ ቦታ ሰጠሁት። "ከድር እና ልጁ፣ ቀለም ቤት" ይላል። ጠዋት ስከፍትና ማታ ስዘጋ ስምህን አነባለሁ። ዓይኔ ማንበብ እስከቻለ ድረስ እንዲሁ አስታውስሃለሁ።

ልጅህ ሐሊማ
ከአሰላ