ኃላፊ ወይስ አላፊ? በመምህርት አገሬ ወልደ ሥላሴ እና በአሽከርካሪ ዳኘው ባምላኩ መገደል ከዋርካ ሜዳ መምህራን ማኅበር የተሰጠ የሀዘን መግለጫ

የዋርካ ሜዳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራን ማኅበር፣ ምክትል ርእሰ መምህርት አገሬ ወልደ ሥላሴ እና አሽከርካሪ ዳኘው ባምላኩ ባለፈው ሰኞ ረፋድ ከማንኩሳ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ በጥይት መገደላቸውን ለአባላቱ፣ ለተማሪ ወላጆችና ለሕዝብ የሚያሳውቀው ራሱም ገና ማመን ተስኖት ነው። በቤተ ሙከራው ሰሌዳ ላይ በመምህርት አገሬ እጅ የተጻፈው «ሰኞ መታወቂያና እርሳስ እንዳትረሱ» የሚል ማሳሰቢያ እስካሁን አለ። የሚያጠፋው ሰው አልተገኘም።

መምህርት አገሬ በቡሬ ዙሪያ ከአርሶ አደር ቤተሰብ ተወልደው በአማርኛና በአገውኛ አፋቸውን የፈቱ ነበሩ። በ1995 ዓ.ም. በኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አግኝተው በዱርቤቴ ማስተማር ጀመሩ።

በ2002 ዓ.ም. ወደ ዋርካ ሜዳ ሲዛወሩ ቤተ ሙከራ ተብሎ የተሰጣቸው ክፍል የተሰባበረ ወንበር መጣያ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ተማሪዎች ሙከራ ሠሩበት።

በ2009 ዓ.ም. ምክትል ርእሰ መምህርት ሆኑ። ሴት ልጁን ከትምህርት ያስቀረ ወላጅ ከጅጋ ገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ ጠብቀው ምክንያቱን ይጠይቁ ነበር። እሳቸውን ሽሽት በማሳ ዞረው የሚሄዱ አባቶች እንደነበሩ የአካባቢው ሰው እየሳቀ ያወራል። ልጆቹ ግን ተመልሰው ተምረዋል።

ትምህርት ቤቱ በጸጥታ ችግር ሲዘጋና ሲከፈት በመቆየቱ፣ ዘንድሮ ቡሬ ላይ የሚሰጠውን ብሔራዊ ፈተና የሚፈተኑት ተማሪዎች ተራቸው በተደጋጋሚ ያለፋቸው ናቸው። ከመካከላቸው የወለዱ አሉ፤ ስደት ሞክረው የተመለሱም አሉ። መምህርት አገሬ እነዚህን ልጆች ለፈተና ማድረስን የዘንድሮ የመጨረሻ ሥራቸው አድርገው ይዘውት ነበር። የሕይወታቸውም የመጨረሻ ሥራ ሆነ።

ሞታቸው በሕመም ወይም በእርጅና ቢሆን ኖሮ ይህ መግለጫ እዚህ ላይ በተፈጸመ ነበር። አሟሟታቸው ግን ያልተመለሰ ጥያቄ ስላለበት ማኅበሩ የሆነውን በቅደም ተከተል ማስረዳት ግዴታው ነው።

ከግድያው በፊት በነበረው ረቡዕ የወረዳው የጸጥታ ኃላፊ ወላጆችንና መምህራንን በትምህርት ቤቱ ግቢ ሰብስበው መንገዱ ሰላም መሆኑን፣ ተፈታኞችም ሰኞ ቡሬ መግባት እንዳለባቸው ገለጹ። አንድ ወላጅ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ በሁለት ፒካፕ ተጭኖ የመጣው ጠባቂ ሊማር ነው ወይ የመጣው ብለው ሰው አሳቁ። ከዚያ መምህርት አገሬ ተነሡ።

«ጌታው፣ እርስዎ ኃላፊ ነዎት ወይስ አላፊ?»

ነገሩ ለማንም አልተሰወረም። ኃላፊ ነገ ሲጠሩት የሚገኝ ነው፤ አላፊ መንገደኛ ነው። ኃላፊው ከወንበራቸው ተነሥተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«በእኔ ይሁንባችሁ። አጀብ አዘጋጃለሁ፤ ኃላፊነቱንም እኔ እወስዳለሁ» አሉ።

የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን ልማድ ሰው በሽማግሌ ፊት ቆሞ «በእኔ ይሁን» ካለ ዋስ ሆነ ማለት ነው። ዋስ የሆነ ሰው ነገሩ ሲበላሽ ሌላ ሰው አይጠቁምም፤ ራሱ ይቀርባል። ስለዚህ የወላጆች ኅብረት ሰብሳቢ ቄስ ገብረሰንበት መስቀላቸውን አውጥተው መረቁ፤ መምህርት አገሬም ተቀመጡ። የተሰጠን የቢሮ ቃል ነበር፤ እኛ የሰማነው የዋስ ቃል ነው።

ሰኞ ጠዋት ተማሪዎቹ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ሲደርሱ አጀብ የሚባል ነገር አልነበረም። መምህርት አገሬ ለኃላፊው ደወሉ፤ የስልኩን ድምፅ ከፍ ስላደረጉት አጠገባቸው የነበሩ ባልደረቦቻችን ሰምተዋል። ኃላፊው ስብሰባ ላይ መሆናቸውን፣ አጀቡም ለሌላ ግዳጅ መሄዱን፣ ይሁን እንጂ አንጻራዊ ሰላም ስላለ መንቀሳቀስ እንደሚቻል ነገሯቸው። መምህርት አገሬ አንጻራዊነቱ ከምን አንጻር እንደሆነ ጠየቁ። ስልኩ ተዘጋ።

ከዚህ በኋላ ተማሪዎቹን በሙሉ ከመኪና አስወረዱ። ካስወረዷቸው አንዷ የገዛ ልጃቸው ውዳሴ ናት። እሳቸው ቀድመው መንገዱን አይተው፣ ቡሬ ሲገቡ እስኪደውሉ ድረስ ማንም ከመናኸሪያው እንዳይነቃነቅ አዘዙ። አቶ ዳኘው መሄድ ግዴታቸው እንዳልሆነ ሲነገራቸው፣ መኪናዋ ከእኔ በቀር የሰው ቃል አትሰማም ብለው ሞተር አስነሡ። መምህርት አገሬ ከጎናቸው፣ ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ተማሪዎቹ ስልክ ሲጠብቁ ዋሉ። የመጣው መርዶ ነው።

የወረዳው አስተዳደር ባወጣው አጭር መግለጫ ሟቾቹ «በሥራ ላይ ሳሉ በደረሰ አደጋ» ሕይወታቸው እንዳለፈ ገልጿል። ማኅበሩ ይህን ቃል አይቀበልም። ጎማ ፈንድቶ መኪና ቢገለበጥ አደጋ ይባላል። እነዚህ ሰዎች ተገድለዋል። ገዳዩ ማንም ይሁን ማን ተይዞ ለፍርድ መቅረብ አለበት። ነገር ግን የገዳዩ ወንጀል፣ አጀብ እሰጣለሁ ብሎ ያልሰጠውንና ሂዱ ያለውን ሰው ከተጠያቂነት አያወጣም። ሁለቱ የየራሳቸው ተጠያቂ ያላቸው ጥፋቶች ናቸው። አንዱን በሌላው መሸፈን ሬሳን በሬሳ መሸፈን ነው።

ኃላፊው ለቀብር አልመጡም። ሐሙስ ዕለት የማኅበሩ ተወካዮች ማብራሪያ ለመጠየቅ ወደ ቢሯቸው ሲሄዱ በዝውውር ወደ ሌላ ወረዳ መሄዳቸው ተነገራቸው። በሄዱበትም የጸጥታ ኃላፊ ናቸው። መምህርት አገሬ በግቢያችን ቆመው የጠየቁት ጥያቄ እንዲህ ተመለሰ።

በዚያው ዕለት ከተተኪው ኃላፊ መልእክት ደረሰን። ሳይፈተኑ የቀሩት ተማሪዎች በመጪው ሰኞ ቡሬ እንዲገቡ ያዛል፤ መንገዱም ሰላም መሆኑን ይገልጻል። ቃሉ ያው የረቡዑ ቃል ነው።

ማኅበሩና ወላጆች ትናንት ቅዳሜ በዚሁ ጉዳይ ተሰብስበዋል። ልጆቹ ይቅሩ ያሉ ወላጆች ነበሩ፤ ማኅበሩም አይፈርድባቸውም። ሆኖም ውዳሴ ምስክር ገና የሀዘን ልብሷን እንደለበሰች መጥታ እንደምትፈተን ስትናገር ክርክሩ ቆመ። ቄስ ገብረሰንበት ምርቃት ሲጠየቁ የሰጡት መልስ የሁላችንም ውሳኔ ሆኗል።

«ከእንግዲህ ቃል አልመርቅም። መኪናው ላይ የተቀመጠውን ሰው ነው የምመርቀው።»

በመሆኑም መንገዱ ሰላም ነው የሚል ማንኛውም ባለሥልጣን ከመጀመሪያው መኪና፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ከተማሪዎቹ ጋር ቡሬ እንዲገባ እንጠይቃለን። ይህ ካልሆነ አንድም ተማሪ አይሳፈርም፤ ፈተናው ቢያልፋቸው የሚጠየቀውም ያልተሳፈረው ባለሥልጣን ነው። የቀድሞው ኃላፊም ካሉበት ተጠርተው ቃል በገቡበት ግቢ፣ ቃል በገቡላቸው ሰዎች ፊት ቆመው አጀቡ ለምን እንደቀረ እንዲያስረዱ የበላይ አካል እንዲያደርግ እንጠይቃለን።

ለመምህርት አገሬ ባለቤት ለአቶ ምስክር ሃይለ ሚካኤል፣ ለልጃቸው ለውዳሴ፣ ለአቶ ዳኘው ባለቤት ለወይዘሮ ያምሮትና ለልጆቻቸው፣ እንዲሁም ለባልደረቦቻቸውና ለተማሪዎቻቸው ሁሉ እግዚአብሔር የሚጸና ልብ ይስጥልን። የሁለቱንም ነፍስ ከደጋግ አባቶች አጠገብ ያሳርፍልን።

የመጀመሪያው መኪና ነገ ሰኞ ጠዋት ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ በር ላይ ይቆማል። የፊት ወንበሩ ለኃላፊው ተይዟል።

የዋርካ ሜዳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራን ማኅበር