የማይቋጠር ግንባር

እሑድ፣ ጥር 17

እማዬ የግንባሯን ሽብሽብ ለማጥፋት ቦቶክስ የሚሉትን ጡንቻ የሚያደነዝዝ መርፌ ከተወጋች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ዛሬ ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ፣ ጓደኛዋ እትዬ ሰናይት ቤት ሄድን። ሰው ቤት ስንሄድ ከመናገሬ በፊት የእማዬን ግንባር አያለሁ፤ ከቋጠረችው ዝም እላለሁ።

«እህትማማች መሰላችሁ እኮ!» ብለው ሳቁ እትዬ። «ፈተናውስ እንዴት ሆነልሽ፣ የኔ ቆንጆ?»

የእማዬን ግንባር አየሁ። ልስልስ ብሏል። «ወደቅኩ» አልኳቸው።

ለካ እማዬ «አልፋለች» ብላቸው ኖሯል።

ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝ። «ግንባሬን ስቋጥርልሽ አታዪም?»

«አየሁ እኮ። አልቋጠርሽም።»

መንገድ ላይ ቆማ አለቀሰች። እንባዋ ይወርዳል፣ ግንባሯ ግን ንቅንቅ አላለም። ሌላ ሴት የእማዬን እንባ የምታለቅስ መሰለኝ። ቤት ከገባን ጀምሮ ቀና ብዬ ፊቷን ማየት ፈርቻለሁ።