ጌታውን የተጫወቱት አቶ ተስፋልደት ገብረዋሕድ (1945–2017 ዓ.ም.)

አቶ ተስፋልደት በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ከብረት በር ጀርባ ቆመው የሰሙትን ንግግር እስከ እርጅናቸው ድረስ ግማሹን ብቻ ያስታውሱ ነበር። አንዱ ሰው «ድንኳኑ ለቤተሰብ ነው» አለ። ሌላው፣ ሴት ትሁን ወንድ እርግጠኛ አልነበሩም፣ «ታዲያ እሷ ስምንት ዓመት ሙሉ ምን ነበረች?» ሲል ጠየቀ። መልሱ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ፣ እንጃ፣ ዝናብ ነበር ብለው ያልፉታል። «እሷ» የተባሉት የዚያን ዕለት የሞቱት እናታቸው ነበሩ።

አቶ ተስፋልደት ከአባታቸው ከአቶ ገብረዋሕድ ስብሓትና ከእናታቸው ከወ/ሮ ኣርያም በ1945 ዓ.ም. በዓዲግራት ተወለዱ። አባታቸውን በሕፃንነታቸው ስላጡ በአራት ዓመታቸው ከእናታቸው ጋር አዲስ አበባ መጡ። ወ/ሮ ኣርያም ቦሌ መንገድ አጠገብ አንድ ቪላ ቤት በሠራተኝነት ተቀጥረው፣ እናትና ልጅ ከግቢው ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ቤት ኖሩ። በ1957 ዓ.ም. ሲያርፉ ግን የሰፈሩ እድር ድንኳን አልተከለም፤ ጥሩንባም አልተነፋም። አስከሬናቸው በጓሮ በር ወጣ። የተሸከሙት አራት ሰዎች ነበሩ፤ ከኋላ የተከተሉት ልጃቸው ብቻ።

ከዚያ በኋላ ወሎ ሰፈር ጋራዥ የነበራቸው አጎታቸው አሳደጓቸው። ቀን ጎማ እየፈቱ፣ ማታ እየተማሩ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሱ። በ1966 ዓ.ም. በአንድ የቴአትር ቡድን በተዋናይነት ተቀጠሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ስማቸውን ያስጠራው «ሁለት በር» የተባለው ተውኔት መጣ። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። የአንድ ባለጠጋ ቤት ለእንግዳ የፊት በር፣ ለአገልጋይ የጓሮ በር አለው። በመጨረሻው ገቢር ሃያ ዓመት ያገለገለች ሴት ትሞትና አስከሬኗ በየት ይውጣ ተብሎ ጌታው ይጠየቃል። አዘጋጁ ለአቶ ተስፋልደት የሟቿን ልጅ ቦታ ሰጧቸው። እሳቸው ግን ጌታውን ካልሆነ አልጫወትም አሉ። ለምን ቢባሉ፣ የዚያን ሰው ድምፅ ከውስጡ ሆኜ መስማት እፈልጋለሁ ማለታቸውን ባለቤታቸው ይናገራሉ።

ያየን ሰዎች እስከ ዛሬ ስናስበው ሰውነታችንን ውርር ያደርገናል። ጌታው ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ጣቱን እንኳ ሳያንቀሳቅስ፣ «በጓሮ በር» ይላል። በቃ። ከዚያ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሳል የለም፣ ወንበር አይንቋቋም። ወንጌል ሲነበብ እንዳለው ያለ ዝምታ ነበር ብንል ድፍረት አይሁንብን። ነገሩ ሰፈር ድረስ ተከትሏቸዋል፤ ወሎ ሰፈር ሎሚ የሚሸጡ ወ/ሮ ዘሃራ የሚባሉ ሴት፣ ለእንዳንተ ዓይነቱ ጨካኝ ሎሚ የለኝም ብለው መልሰዋቸዋል። እሳቸውም ይህን ከተሸለሙት ሁሉ አስበልጠው ሲያወሩት ኖሩ።

በ1973 ዓ.ም. የመድረክ አልባሳት ሰፊ ከነበሩት ከወ/ሮ ሣባ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ሉላንና ቶሚን ወለዱ፤ አዲስ አበባ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈርም ቤት ሠርተው ገቡ። ሉላ ቦሌ ለሚ አንድ የስፌት ፋብሪካ ውስጥ ኃላፊ የሆነች ዕለት፣ አባቷ መጀመሪያ የጠየቋት ከሠራተኞቹ ስንቱን በስም ታውቂያለሽ ብለው ነበር።

ጡረታ ከወጡ በኋላ የእድራቸው ጸሐፊ ሆኑ። በ2010 ዓ.ም. የጎረቤት ዘበኛ የነበሩት አቶ ማሞ ሲያርፉ ኮሚቴው በአቶ ተስፋልደት ሳሎን ተሰበሰበ። አቶ ተስፋልደት ደንቡን ገልጠው፣ ድንኳንና ቀብር ለአባልና ለቤተሰቡ ብቻ የሚለውን አነበቡ። ደንቡን በእጃቸው የገለበጡት እሳቸው ነበሩ፤ ያነበቡትም፣ ሳይታወቃቸው፣ በዚያው በጌታው ድምፅ ነበር። የሺአረግ ሻይ ይዛ ገብታ ነበር። በቤታቸው አሥራ ስድስት ዓመት ያገለገለች፣ የድሮውን ተውኔትም እሳቸው ቤት ውስጥ ሲደጋግሙት እየሰማች በቃሏ የያዘች ናት። ትሪውን አስቀምጣ፣

«ጋሼ፣ እኔስ በየትኛው በር ነው የምወጣው?» አለቻቸው።

አቶ ተስፋልደት መዝገቡን ከፍተው የራሳቸውን ገጽ አዩ። ሚስት አለች፣ ልጆች አሉ፣ አማት ሳይቀሩ ተጽፈዋል። የሺአረግ የለችም። የእጅ ጽሕፈቱ የገዛ ራሳቸው ነው።

ከዚያ ወዲያ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በየወሩ ስብሰባ፣ የቤት ሠራተኛና ዘበኛ እንደ ቤተሰብ ይመዝገብ ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው አቶ ፊሊጶስ ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ዛሬ ገብቶ ነገ የሚሄደውን ሁሉ ጽፈን እንዴት እንዘልቀዋለን ይሉ ነበር። አንድ ቀንማ፣ አቶ ተስፋልደት፣ እዚህ መድረክ የለም ብለዋቸው ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። በወሩ ያንኑ ጥያቄ ይዘው መጡ።

ባለፈው ዓመት የኩላሊት ሕመም ጠናባቸው። በመጨረሻው ሳምንት ቤተሰባቸውን ሰብስበው፣ ደንቡ ካልተለወጠ ለእኔም ድንኳን እንዳይተከል ብለው ተናዘዙ። ያለ ድንኳን መሸኘት ለቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ወ/ሮ ሣባ አለቀሱ፤ ሐሳብዎን ይለውጡ ብለው ግን አልለመኗቸውም። አቶ ተስፋልደት የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ በተወለዱ በ72 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ሣባን፣ ልጆቻቸውን ሉላንና ቶሚን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም የሺአረግን ትተው አልፈዋል። ጌታና አገልጋይ በአንድ በር በሚገቡበት ቤት አምላካችን ይቀበላቸው።

በዚያው ቀን የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ጭነው ደጃፍ ሲደርሱ ወ/ሮ ሣባ ወጥተው ኑዛዜውን ነገሯቸው። ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ቆመ። አቶ ፊሊጶስ የኮሚቴውን አባላት አንድ በአንድ እያዩ ደንቡ ይለወጥ እንደሆነ ጠየቁ፤ የተቃወመ አልነበረም። መዝገቡን አስመጡ፤ ለሰዉ ውኃ ታድል የነበረችውን የሺአረግንም ጠርተው፣ «የአባትሽን ስም ማን ብዬ ልጻፍ?» አሏት። ሃያ ሦስት ዓመት በሰፈሩ ስትኖር የጠየቃት አልነበረም። ነገረቻቸው። ከልጆቹ ስም ቀጥለው ጻፉት፤ የቀሩትን ሠራተኞችና ዘበኞችም ከመጪው እሑድ ጀምሮ ራሳቸው ቤት ለቤት ዞረው ሊመዘግቡ ተስማሙ። ድንኳኑ የተተከለው ከዚያ በኋላ ነው።