በአዲስ ዘር ላይ ርግብ የገደልንበት ቅዳሜ

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ዓብዩ፤ እነዋሪ።

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ክረምቱ ሲቃረብ እንዴት አደረገዎት? ግራ ዓይንዎስ ከሕክምናው ወዲህ ተሻለዎት? የእማዬ ሳል ለቀቃት? ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ ደህና ነው? እኔም፣ ባለቤቴ ዮዲም፣ ትንሹ ልጃችን ኖህም በጤና በኩል ደህና ነን፤ ለዚህ አምላክ ይመስገን። እህቴ ስሂንዬ፣ ለአባባ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና ሰው በሌለበት አንብቢላቸው፤ አንድም ቃል አትዝለይ።

ሱፐርቫይዘር ሆንኩ ብዬ የደወልኩ ጊዜ ደስ ብሎዎት በግ አርደው ጎረቤት መጥራትዎን ስሂን ነገረችኝ። የአለማየሁ እናት እትዬ እንግዳወርቅም መጥተው፣ ልጄን በሰው አገር እንደ ወንድም የያዘልኝ ነው ብለው ቆመው መረቁኝ አሉ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ልደብቅዎ አልቻልኩም። ሹመቱ እንዴት እንደመጣ ልንገርዎ።

አለማየሁ እዚህ ስመጣ ኤርፖርት ቆሞ የተቀበለኝ፣ ላንድማርክ በሚባለው ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤቱ ስምንት ወር ያስጠጋኝ፣ ወደ ፓርኪንግ ሥራችንም እጄን ይዞ ያስገባኝ ሰው ነው። ሚስቱ ልዕልት የሆስፒታል የሌሊት ሠራተኛ ስለሆነች፣ ልጁን ሩሃማን ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሳት እሱ ነበር። ያን ጊዜ አርባ ደቂቃ ያህል ከቡዙ፣ ቲኬት ከሚቆርጥባት ትንሽ ክፍል፣ ይጠፋል፤ እኔ የሱንም የኔንም መኪና እቀበላለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ስናደርግ ከእኛ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

የፓርኪንጉ አለቃ ግሬግ የሚባል ነጭ ነው። የገበሬ ልጅ መሆኔን ሰምቶ፣ ሚያዝያ ሠላሳ ቅዳሜ ከአጎቱ እርሻ ርግብ ልንተኩስ እንሂድ አለኝ። ከሠራተኛው ሁሉ መርጦ ስለጠራኝ ልቤ አበጠ፤ አልዋሽዎትም። ከአሌክሳንድሪያ ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት ነዳን። እርሻው ዓይን የማይጨርሰው ሜዳ ነው፤ በቆሎ ከተዘራበት ሳምንት አልሞላውም። አፈሩን ሳየው እጄን ሰደድኩና አሸት አደረግሁት፤ እንደኛው መረሬ ጥቁር አይደለም፣ ቀላ ይላል።

ከቁጥቋጦው ሥር መደበቂያ መረብ ዘርግተን ከኋላው ተቀመጥን። ግሬግ ከፊት ለፊታችን የፕላስቲክ ርግቦች ደረደረ፤ እውነተኞቹ እነሱን አይተው ይወርዳሉ። ጠመንጃ ሰጠኝ፤ የመጀመሪያው ተኩስ ትከሻዬን ነረተኝ፣ ሦስተኛው ላይ ለመድኩት። ከረፋዱ በፊት ሜዳው ላይ ላባ ይበተን ጀመር። አጎትየው መጥቶ የአንዷን ጉሮሮ በሰንጢ ቀደደና የዋጠችውን የበቆሎ ዘር በመዳፉ አሳየኝ፤ ቀይ መድኃኒት የተቀባ ዘር ነው። ሌባ ናቸው አለኝ። እርስዎ የመስከረሙን ሽንብራ ሲጠብቁ በወንጭፍ ያስነሷቸው እንደነበረ፣ አንድም ቀን አነጣጥረው እንዳልመቱ ትዝ አለኝ። ያን ለአጎትየው ነገርኩት፤ ሳቀ፣ እኔም አብሬው ሳቅሁ። ክንፏ የተሰበረ አንዲት ርግብ በዘሩ መስመር ላይ ስትንፈራገጥ ግሬግ ጨርሳት አለኝ። አንስቼ አንገቷን ጠመዘዝኩ። እጄ ውስጥ ትሞቅ ነበር።

ቀትር ላይ ወፉ ሲጠፋ ግሬግ ሳንድዊች አወጣና እየበላን ጨዋታ ጀመረ። አዲስ ሱፐርቫይዘር ሊሾም መሆኑን፣ ሁለት ሰው እያሰበ መሆኑን ነገረኝ፤ አንዱ እኔ፣ አንዱ አለማየሁ። ቀጥሎ እንደ ዘበት፣ «ጠዋት ጠዋት አንዱ ቡዝ ባዶ ነው ይሉኛል፤ ማነው?» አለኝ።

አባባ፣ አላውቅም ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን፣ «አለማየሁ ሩሃማን ትምህርት ቤት ሊያደርስ ይሄዳል፤ እኔ ነኝ የምሸፍንለት፤ ለልጁ ጥሩ አባት ነው» አልኩት። ጥሩ አባት ነው ያልኩት ለራሴ ኅሊና ነው። የምናገረው ምን እንደሚያመጣ ከአፌ ሳይወጣ አውቄዋለሁ። ግሬግ ራሱን ነቀነቀና በእኔ በኩል ሁለት ርግብ እየመጣ መሆኑን አሳየኝ። ተኮስኩ። ሁለቱንም ጣልኩ።

ማምሻውን የገደልነውን ሁሉ ከነላባው ቦይ ውስጥ ደፋነው። የሚበላው የለም።

ሰኞ ጠዋት አለማየሁን አሰናበቱት። ዕቃውን በፌስታል ይዞ ወደ ቡዜ መጣ። መኪና ተሰልፎ ሲጠብቅ በመስኮቱ ጎንበስ አለና፣ «የሩሃማን ስም ለግሬግ ማን ነገረው?» አለኝ። ለቀጣዩ መኪና ቲኬት ቆረጥኩ። «እሺ ክፍሉ» ብሎ ሄደ። ይህን ብቻ ነው ያለኝ። በሳምንቱ የሱፐርቫይዘር ጃኬት ሰጡኝ፤ ለበስኩት።

አሁን ቤቱን ለቀው፣ ውድብሪጅ በምትባል ከተማ ከልዕልት ዘመድ ምድር ቤት ገብተዋል። ሥራ ማጣቱን ለእናቱ አልነገራቸውም። እኔንም ለአንድ ሰው አላማኝም፤ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ውድብሪጅ ድረስ ነድቼ ከበራቸው ሳልወርድ ተመልሻለሁ። ሥራውን እንዳልለቅ የኖህ ጉዳይ ይይዘኛል እላለሁ፤ እሱም ልጅ እንዳለው እያወቅሁ።

አባባ፣ እትዬ እንግዳወርቅን ምርቃቱን ያንሱልኝ ይበሏቸው። ምክንያቱን መንገር አለመንገሩን ለእርስዎ ትቻለሁ፤ እኔ ያልቻልኩትን በእርስዎ ላይ መጫኔ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ሊቆጡኝ ከፈለጉ ስሂን እንዳሉት አድርጋ ትጻፈው፤ አታለዝበው።

ለእማዬ ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። ለስሂን፣ ለያሬድና ለልጆቹ፣ ለአጎቴ ለተክለሃይማኖት በያሉበት ሰላምታዬ ይድረስ። ኖህ አያቴን ሳሙልኝ ብሏል። ዮዲም እጅ ነስታለች፤ ሹመቱ በትጋቴ የመጣ ይመስላታል፤ አለማየሁን ማን እንዳሳበቀበት አጣርቼ እንድነግራት በየቀኑ ትጠይቀኛለች።

ልጅዎ ክፍሉ ዓብዩ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ሰኔ 5 ቀን 2002 ዓ.ም.