በኪቶ የተናገርሁት ቃል

ይድረስ ለልጄ ለእንዳልካቸው ካሳ፣ ኪቶ ከተማ።

እንደምን ሰነበትህ? ሚስትህስ ሉሲያ እንደምን ናት? አማትህ ራሚሮ ጉልበቱን ተሻለው ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ክረምቱ እንደ ነገሩ አለፈ፣ ገብሱም አምሮበታል። ሰላምታውን ያስቀደምሁት ወጉ ስለሆነ ነው እንጂ አንጀቴስ አርሯል።

ስልክ ስትደውል የማላነሳው ታምሜ አይደለም። ይህንንም ደብዳቤ እህትህ ሐረግ ልጻፍልህ ብትለኝ እምቢ ብያታለሁ። በመሠረተ ትምህርት ዘመን የለቃቀምሁት ፊደል ነው፤ ጠማማ ቢሆንም የራሴ ነው። ቃሌን አንድ ጊዜ በሌላ አፍ ልኬ ያገኘሁትን አግኝቻለሁ።

ግንቦት ላይ ለሠርጌ ና ብለህ ስትጠራኝ፣ ወረኢሉ ለመሄድ እንኳ የማንገራግር ሽማግሌ ባሕር ተሻግሬ መጣሁ። ኪቶ የቆየሁት ሳምንት አይሞላም፤ ግን አገሩን ወድጄው ነበር። ብርዱ የኛው ብርድ፣ ተራራው ላይ የቆመው ባሕር ዛፍ የኛው ባሕር ዛፍ። ሴቶቹ ልጃቸውን አዝለው ድንች ሲሸጡ ሳይ ወግዲ ገበያ የቆምሁ መሰለኝ። ራሚሮ ያንን አይጥ የመሰለ ጥብስ ሲያቀርብልኝ ፊቴን ባዞርበት፣ ሳይቀየመኝ ተነስቶ የበቆሎ ቆሎ አመጣልኝ። ቋንቋ ሳይኖረን ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ስንቆረጥም ዋልን። በዚያ ሰው ላይ ቂም የለኝም።

በሠርግህ ለት ቆሜ ስመርቅ ያልሁትን ታውቀዋለህ። ልጄን አክብራችሁ ስላኖራችሁልኝ እግዜር ይስጣችሁ፣ አሁን ከነሚስቱ ወደ አባቱ ደጅ ይመለሳል፣ ቤቴ ቤታችሁ ነው አልሁ። እናቱ ንግሥቴ ይህን ሳታይ አፈር ገብታለችና ልጆቻቸው መቃብሯ ዘንድ ቆመው ስሟን ይጥሩላት አልሁ። ያለ ነገር አልተናገርሁም፤ ለጥምቀት እንገባለን ብለህ በእናትህ አጥንት ምለህልኛል። አንተ በነሱ ቋንቋ ገለበጥህላቸው። ራሚሮ እያለቀሰ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ሴት ልጁን መስጠት ከብዶት ነው ብዬ አብሬው አለቀስሁ። አሜን የሚል መጥፋቱ ብቻ ቅር ብሎኝ ነበር። አጨበጨቡ። ያገራቸው ልማድ ነው አልኸኝ።

ከተመለስሁ በኋላ ለማኅበርተኛው ሁሉ ልጄ ከነሚስቱ ሊገባ ነው አልሁ። ደቦ ወጡልኝና ከቤቱ ጎን አንድ ክፍል ጨመርን። ጎረቤታችን አዩብ ምሰሶ ተሸክሞ፣ አያ ካሳ፣ ፈረንጇ ጎንበስ ብሎ መግባት ታውቃለች ወይ እያለ ሲያስቀን ዋለ። እውነቱን ነው፣ ሉሲያ ረጅም ናት። በሩን ከፍ አድርገን ሠራነው።

ከዚያ ለማስታወሻ ብለህ የሠርጉን ቪዲዮ በሐረግ ስልክ ላክህልኝ። የአዩብ ልጅ ኢልሀም ደሴ ትማራለች፤ ለእረፍት መጥታ ሳለ ስልኬ ቋንቋ ይገለብጣል አለችና ያንተን ንግግር አሰማችው። የወጣውን አነበበችልኝ። ስልኩ ተሳስቶ ይሆናል አባባ፣ አለችኝ። ድገሚው አልኋት። ሁለተኛም ያው ነው። እንዲህ ብለሃል፦ «አባቴ እንዲህ ይላል፦ ራሚሮ፣ እኔ አርጅቻለሁ፣ ከእንግዲህ አባቱ አንተ ነህ፣ ልጄን ሰጥቼሃለሁ።»

እኔ አልሁ? መቅረትህን ብትነግረኝ እቆጣ ነበር፣ አኮርፍ ነበር፤ ሌላ ምን አደርግሃለሁ? ልብህ እዚያ ከቀረ በገመድ አልጎትትህ። አንተ ግን ቆሜ እየሳቅሁ በገዛ አፌ ልጄን አሰጠኸኝ። የእናትህንም ስም ጆሮዬን ስልኩ ላይ ደፍቼ ፈለግሁት። እኔ ስጠራት ይሰማል። አንተ ስትጠራት የለም።

ሰው ሲጠይቅ ቪዛ ዘገየ ይበሉ ብለህ ለሐረግ ነግረሃታል። አልልም። ማኅበሩ ላይ ተነስቼ አይመጣም፣ ዋሽቶኛል አልሁ። እነዚያ ደቦ የወጡልኝ ሰዎች ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። እንዲያ መቆም ምን ያህል እንደሚከብድ አንተ አታውቀውም።

አሁን የምልህ ይህን ነው። ራሚሮ ፊት ቁምና ያልሁትን እንዳልሁት ንገረው። አባቴ አልሰጠኝም፣ በሕይወት አለ በለው። የእናትህን ስም ጥራ። ሉሲያም ትስማ። ስትናገር ቅዳና ላከው፤ ኢልሀም ስልኳን ይዛ ትጠብቃለች። ካንተ ይልቅ ያንን ዕቃ እስከማምን አድርሰኸኛል። ከዚያ ወዲያ መቅረት ካማረህ ቅር፤ ስልኩን ግን አነሳዋለሁ።

ሐረግ ሰላም ብላሃለች፤ አኩርፋለች እንጂ ስምህን ሳታነሳ አትውልም። ኢልሀም እኔ ባላሰማኋቸው ኖሮ እያለች ትጸጸታለች፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ብያታለሁ። አዩብ አብሽር በለው ብሎኛል፤ ያን ረጅም በር ምን እናድርገው እያለም ይጠይቀኛል። እስካሁን አልነካሁትም። ለሉሲያ ሰላም በልልኝ። ለራሚሮም ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ።

አባትህ ካሳ ፈንታው
መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.